የባለ ፈንዱ ንስሐ አባት

ስቶክሆልም ዳር፣ ሃሉንዳ ውስጥ «የተናኜ ልጅ» ሲባል ማን እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ወይ ትናንት ከአርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ የገባ ነው፣ ወይ ከሰው ሁሉ የተኳረፈ ነው። ተናኜ ከሱዳን ስትመጣ ልጇ ሲራክ ቀሚሷን ጨብጦ የማይለቅ፣ የመጀመሪያውን በረዶ ጨው መስሎት የቀመሰ ሕፃን ነበር። ዛሬ ሀብታሞቹ ሰፈር ኢስተርማልም ላይ ቢሮ ያለው፣ ከሁለት ስዊድኖች ጋር የራሱን ሄጅ ፈንድ ያቋቋመ ሰው ሆኗል። ጋዜጣ ፎቶውን ያወጣ ዕለት ተናኜ የሃሉንዳ ገበያ ማዕከልን ኪዮስክ ጋዜጣ ጠራርጋ ገዛች፤ ሰፈሩ የዚያን ቀን ዜና ሳያነብ ዋለ።

ታዲያ ሥራው ምን እንደሆነ ማንም በቅጡ አያውቅም። «ባንክ ነው» የሚሉ አሉ። «ቁማር ነው፤ ክራቫት ስላሰሩ ነው እንጂ» የሚሉም አሉ። ነገሩን ለሕዝብ የተረጎመችው ራሷ ተናኜ ናት፤ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጠዲቅ ላይ፣ የንስሐ አባቷ መምሬ ዕንባቆም ባሉበት።

«እንግዲህ ስሙ» አለች ነጠላዋን ወደ ኋላ እየመለሰች። «የፋሲካ ዋዜማ በግ ውድ ነው አይደል? ሲራክ ከጎረቤት በግ ይዋሳል። ወስዶ ይሸጠዋል። ፋሲካ አልፎ ሰው ሁሉ ሥጋ ሲሰለቸው በግ ይረክሳል። ያኔ ሌላ በግ በርካሽ ይገዛና ለጎረቤቱ ይመልሳል። መሐል ላይ የተረፈችው የሱ ናት።»

«ጎረቤትየው ዝም ብሎ ያበድረዋል?» አሉ መምሬ።

«ኪራይ ይከፍለዋላ!»

«በጉ ከፋሲካ በኋላ ቢወደድስ?»

«ያኔማ አለቀለት። ግን የኔ ልጅ ተሳስቶ አያውቅም።» ከዚያ በኋላ የሃሉንዳ ሰው ሲራክን ሲያይ ከሱፉ በታች የበግ ጭራ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

መምሬ ዕንባቆም በሰንበት ቄስ፣ በሥራ ቀን የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ምእመናኑ ያከብሯቸዋል፣ ይወዷቸዋል፣ ደሞዝ ግን አይከፍሏቸውም። እሳቸውም ቅር አይላቸውም፤ መሪ ይዞ መዋል ለጸሎት ይመቻል ይላሉ። ሲራክን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል። ልጁ ሀብታም የሆነው በቁጥር ሳይሆን በዓይኑ እንደሆነም የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ንግድ ትምህርት ቤት ጨርሶ አንድ ባንክ በተቀጠረ ጊዜ፣ አለቆቹ ወረቀት ላይ ተደፍተው ሲውሉ እሱ ኪስታ ገበያ አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውል ነበር። አንድ ስመ ጥር ልብስ ቤት ነበር። ሌላው ሰው ስንት ሰው እንደገባ ያያል፤ ሲራክ ስንቱ ባዶ እጁን እንደወጣ ያያል። የልብስ ቤቱ አክሲዮን ሲወድቅ ሲራክ ተነሣ። ከዚያ አንድ የመርከብ ድርጅት ወደቀ፤ ሲራክ የራሱን ፈንድ ከፈተ። ልጁ የሚያድገው ሌላው ሲወድቅ ነበር። ተናኜ ይህችን ነገር ነው በበግ ቆዳ የሸፈነቻት።

ሲራክ ሀብታም ሆኖም ንስሐውን አልተወም። በዓመት አንዴ፣ የገና ጾም ሲገባ ይመጣል። ኃጢአቱም እንደ ሥራው የተደራጀ ነበር፤ መጀመሪያ ዋና ዋናውን፣ ከዚያ ዝርዝሩን፣ ሲጨርስ ደግሞ «ጥያቄ አለዎት?» ሊላቸው ጥቂት ይቀረዋል። ባለፈው ዓመት ግን ሲመጣ እንዲያ አልነበረም።

ቅዳሴው የሚደረገው ከስዊድኖች በኪራይ በተያዘ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ንስሐ የሚሰማውም የሕፃናት መጫወቻ በተደረደረበት ጓዳ ውስጥ ነው። ሲራክ ለልጅ በተሠራች ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። መምሬ መስቀላቸውን ያዙ።

«ቪንተርሳል የሚባል ቤት ሠሪ ኩባንያ አለ፣ አባ» አለ። «አዳዲስ ሕንፃዎቹን ሄጄ አይ ነበር። በዚህ አገር በዘጠኝ ሰዓት ይጨልም የለ? ያኔ እሄዳለሁ። መብራት የለም። መጋረጃ የለም። በር ላይ ስም የለም። ተሸጠ ያሉት ቤት አልተሸጠም። ስለዚህ...»

«በጉን ተዋስክ።»

ሲራክ ፈገግ ሊል ሞከረ። «ተዋስኩ። እስከዚህ ኃጢአት የለበትም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሶደርማልም አንድ ምግብ ቤት ከትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋር ራት በላን። ለቪንተርሳል ያበደረው ባንክ ውስጥ ነው የሚሠራው። ጠጥቶ ነበር። ባንኩ ብድሩን እንደማያድስ ወስኗል፣ ገና ማንም አያውቅም አለኝ። ያለ ብድሩ ደግሞ ኩባንያው ጸደይን አያልፍም።» ድምፁ ወረደ። «ይህን ከሰማሁ በኋላ እጄን መሰብሰብ ነበረብኝ። ሕጉ እንደዚያ ነው። እኔ ግን በማግስቱ ሌላ በግ ተዋስኩ። ብዙ በግ።»

«ምን ጎድሎህ ልጄ?»

«ምንም። ዕድሜዬን ሙሉ ስገምት ኖሬ... ለአንዴ እርግጠኛ መሆን ምን እንደሚመስል ማየት አማረኝ።»

መምሬ «በቃ ተመለስ፣ የተዋስከውን መልስ» አሉት። አይሆንም አለ። ከሰማ በኋላ መግባቱም ወንጀል፣ መውጣቱም ወንጀል ነው፤ የቀረው እስኪወድቅ መጠበቅ ነው። መምሬ ስግደትና ጾም አዘዙት፤ ደግሞ እንዳይመለስበት ገሠጹት። መቼም ስግደት የሚሰማው ለጉልበት ነው፤ ለአክሲዮን ምን እንደሚታዘዝ ያስተማራቸው መምህር አልነበረም። ወደ ቤት ሲሄዱም ብዙ አልከበዳቸውም። የማያውቁት ኩባንያ፣ የማያውቁት ባንክ፣ መጋረጃ የሌለው ቤት። ይህ ኃጢአት ማንን ይነካል?

በዚያው ሳምንት የሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ወንድይራድ ነው፤ ታክሲ ይነዳል፤ ስቶክሆልምን እንደ ኪሱ ያውቃል፤ የሰውን ኪስ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ያውቃል። ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ «ሎካል ተገኘ! የራሳችን አዳራሽ!» አለ።

ሁሉም ብድግ አሉ። የራስን ቤት መግዛት ለዚህ ማኅበር ዘጠኝ ዓመት የተዋጣለት፣ ስንቱ ከጽዳት ሥራ ሲወጣ ያኖረለት ነገር ነው። ኪራይ ማለት የባለቤቱን ሰዓት መጠበቅ ነው። የአሮጊቷ የእማማ ባዩሽ ባል የሞቱ ጊዜ ፍትሐቱ ሳያልቅ ስዊድኖቹ የመዘምራን ልምምድ አለብን ብለው በር ላይ ቆሙ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ሰዓቱን ቀድመው ጽፈው ይዘዋል። ሬሳው እየተጸለየለት ሳይሆን እየተጣደፈ ወጣ። እማማ ባዩሽ ከዚያ ወዲህ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «እኔን እንኳ በሰው ሰዓት አታውጡኝ።» የጆሮ ወርቃቸውን ሸጠው ያዋጡትም ለዚሁ ነው።

«ከማን ነው የሚገዛው?» አለች ፌበን። ከአዲስ አበባ በሥራ የመጣች መሐንዲስ ናት፤ ኪስታ ነው የምትሠራው፤ ገንዘብ ያዥ ያደረጓትም ስለማታፍር ነው።

«ቪንተርሳል ከሚባል ኩባንያ። አዲስ ፎቅ፣ ምድር ቤቱን በሙሉ። ሙሉውን አሁን ከከፈልን ከዋጋው ብዙ ይቀንሱልናል፤ በበጋ ቁልፍ እንረከባለን።»

መምሬ ብስኩታቸውን ሻዩ ውስጥ እንደነከሩ ረሱት። ሟሙቶ ወረደ።

«ቤቱ ሳያልቅ ለምንድን ነው ሙሉ ክፍያ የሚፈልጉት?» አለች ፌበን። «ገንዘብ ቢያጥራቸው ነው እንጂ።»

«አንቺ ኮምፒውተር ታውቂያለሽ እመቤት፤ ስቶክሆልምን ለእኔ ተይልኝ። ማስረጃ አለኝ።» ወንድይራድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲራክን በዓይኔ አየሁት። ታክሲ ይዤ ሳልፍ፤ አንዴ አይደለም። መኪናውን አቁሞ ያንን ፎቅ አንጋጦ ያያል። እንዴት አድርጎ እንደሚያየው ብነግራችሁ! ሰው የሚያጫትን ልጅ ነው እንደዚያ የሚያይ። ሲራክ ቪንተርሳልን እየገዛ ነው!»

ሸንጎው በደስታ ተነፈሰ። መምሬ የሟሟውን ብስኩት በማንኪያ ሊያወጡ ታገሉ።

«ታዲያ ለምን እሱኑ አንጠይቀውም?» አለች ፌበን፤ ስልክ ተደወለ፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ጠረጴዛው መሐል ተቀመጠ።

«ሲራክ፣ የኔ ጌታ፣ ወንድይራድ ነኝ። አንዲት ነገር ብቻ። ቪንተርሳል እንዴት ነው?»

«ጋሽ ወንድይራድ፣ ስለ የትኛውም ኩባንያ ምንም መናገር አልችልም። አይፈቀድልኝም።»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። እኛ ለቤተ ክርስቲያኑ ቤት ልንገዛ ነው። ደህና ነው ወይስ አይደለም? አንድ ቃል።»

«አልችልም።»

«እኛ እኮ ባዕድ አይደለንም! ይኸው አባም አብረውን አሉ።»

«አባ እዚያ አሉ?» አለ ሲራክ። ድምፁ ልክ ያኔ ትንሿ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ጊዜ ሆነ። «ይቅርታ፣ ስብሰባ አለብኝ።» ዘጋው።

ወንድይራድ ጉልበቱን በጥፊ መታ። «ሰማችሁ? መጥፎ ቢሆን 'አትግዙ' ለማለት ምን ያስፈራዋል? ጥሩ ስለሆነ ነው የደበቀው! ካወራው ይወደድበታላ!»

ለዚህ መልስ የነበራቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። እሳቸውም አፋቸው በመስቀል ታስሯል። ወጣት ሳሉ ያስተማሯቸው የጎጃም መምህር፣ «የንስሐ ነገር ከመስቀሉ ሥር ይቀበራል፤ በጥቅሻ እንኳ አታውጣው» ብለዋቸው ነበር። መምህሩ ስለ ሄጅ ፈንድ አያውቁም። ቢያውቁም የሚሉት ያንኑ ነው።

«ጥቂት እንቆይ» አሉ መምሬ።

«ለምን አባ?»

«እንጸልይበት።»

«ዘጠኝ ዓመት ጸለይን እኮ!»

«አንድ ሱባኤ እንያዝ። ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን።» ሱባኤ ያዙ ያለን ቄስ ደግሞ ማን እምቢ ይላል? ወንድይራድ እያጉረመረመ ተስማማ። መምሬ ወደ ቤት ሲመለሱ ይህችም ከጥቅሻ ትቆጠር እንደሆነ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ፌርማታቸውን አለፉ፤ በሙያቸው እንግዲህ አሳፋሪ ነገር ነው።

ባለቤታቸው ብርቅአየሁ ምግብ ሲገፉ አየች። «ሰው ሞተ?»

«አልሞተም።»

«ታመዋል?»

«ደህና ነኝ።»

«የንስሐ ነገር ነው?»

መምሬ እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ። ብርቅአየሁም ሳህኑን አነሣች። የቄስ ሚስት ሆኖ መኖር ማለት መጠየቁን የት እንደሚያቆሙ ማወቅ ነው።

በሱባኤው ሰንበት ስለ ትዕግሥት ሰበኩ። አለመቸኮል እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ፣ ችኮላ ስንቱን እንዳጠፋ፣ ላባቸው እስኪወርድ ሰበኩ። ሲጨርሱ ወንድይራድ እጃቸውን ስሞ፣ «ዘጠኝ ዓመት መታገሣችንን ስላመሰገኑልን እግዜር ይስጥልን» አላቸው።

በማግስቱ ከሥራ እንደወጡ፣ የሾፌር ልብሳቸውን ሳይለውጡ ኢስተርማልም ሄዱ። እንግዳ ተቀባይዋ ወጣት ስዊድናዊት «ዕቃ ሊያደርሱ ነው?» አለቻቸው። «አዎ» አሉ፤ ውሸትም አልነበረም። ሲራክ ሲያያቸው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ፣ መስቀል ተሳለመ፣ በሩን ዘጋ። ቢሮው ነጭ ነበር፤ ወረቀት እንኳ አይታይበትም።

«ልጄ፣ አንተው የነገርከኝን ላንተው መልሼ ነው የምናገረው» አሉ። «ማኅበሩ ገንዘቡን ሊከፍል ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ኩባንያው ቢወድቅ ይመለሳል?»

«ባንኩ ይቀድማል። ለሌላው የሚተርፍ አይኖርም።»

«እንግዲያው 'አትግዙ' በላቸው። ምክንያት አትጨምርባት፤ ዝም ብለህ አትግዙ በል።»

«ለማን አባ? ለጋሽ ወንድይራድ? ስልኩን ሳልዘጋው እስከ ኖርሾፒንግ ከተማ ድረስ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይሰማዋል። ነገ ኩባንያው ሲወድቅ 'ሲራክ ቀድሞ ያውቅ ነበር' ይባላል። ያ ደግሞ እስር ቤት ነው። እኔ ብቻ ብሆን... ጓደኛዬ ሁለት ልጆች አሉት። እናቴስ? ያንን ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ሰቅላ?»

«እኔ ልናገር። ፍቀድልኝ። ስምህ ከአፌ አይወጣም።»

«ማን ነገረዎት ሲሉስ? የማን ንስሐ አባት እንደሆኑ ሰፈሩ ያውቃል። ፎቁን ሳይ ማን እንዳየኝም ያውቃል።»

እውነቱን ነው። ሲራክ በመስኮት ወደ ታች አየ። «እኔ እከፍላለሁ አባ። የጠፋውን ሁሉ በስጦታ መልክ እመልሳለሁ። ማንም አይጎዳም።»

«ከነሱ ኪስ የወጣውን ለነሱ ልትሰጥ?»

«ከነሱ አይደለም። ከገበያው ነው የማገኘው።»

«ገበያው ማን ነው ልጄ?»

ሲራክ ብዙ ነገር መመለስ ይችላል፤ ለዚህ ተብሎ ተምሯል። ይህቺን ግን ባዶውን ጠረጴዛ በመዳፉ እየጠረገ አሳለፋት። መምሬ በሩ ላይ ቆመው እንደገና ጠየቁት። «አንዲት ቃል ናት። ፍቀድልኝ።»

«አልፈቅድም፣ አባ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሱባኤው ሲያልቅ ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰበ። ፌበን ተቃውሞዋን ደግማ ተናገረች፤ ጥቂት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወንድይራድ ግን የሲራክን አንጋጦ ማየት በአካል ተነሥቶ አሳያቸው፤ ሳቁ፣ ልባቸው ሞላ። «የሚደግፍ እጁን ያውጣ!» ተባለ።

እጆች ወጡ። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ መምሬን አየ። አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህ ሕዝብ ሁልጊዜ እጅ ሲያወጣ በአንድ ዓይኑ ቄሱን ያያል። መምሬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ካላወጡ፣ «አባ ምን አውቀው ነው?» ይባላል። ሱባኤ ያዙ ብለዋል፤ ሲራክ ሲደወልለት የሳቸውን ስም ሰምቶ ዘግቷል፤ የሱ ንስሐ አባት ናቸው። ሁለትና ሁለት የሚደምር አይጠፋም። ያልወጣ እጅ ከተናገረ አፍ በምን ይለያል? መምህራቸው በጥቅሻ እንኳ አታውጣው ብለዋል።

እማማ ባዩሽ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። እጃቸው ግማሽ ላይ ቆሟል፤ የሚያዩት መምሬን ነው።

መምሬ ዕንባቆም እጃቸውን አወጡ። የእማማ ባዩሽም እጅ ወደ ላይ ወጣ። እልልታው ቀለጠ።

ገንዘቡ ተከፈለ። ክረምቱ አለፈ። መምሬ በየጠዋቱ አውቶቡሳቸውን ሲነዱ ጸሎታቸው አንድ ሆነ፤ እንዳይወድቅ። ለቤት ሠሪ ኩባንያ ይህን ያህል የጸለየ ቄስ በስዊድን ምድር ኖሮ አያውቅም። በረዶው ሲቀልጥ ዜናውን የሰማው ወንድይራድ ነው፤ በታክሲው ሬዲዮ፣ ተሳፋሪ ይዞ። ቪንተርሳል ኮንኩርስ ገባ፤ ከሰረ። የኪሳራው አጣሪ ጠበቃ ለፌበን በስልክ በጨዋ ቋንቋ አስረዳት። መጀመሪያ ባንኩ፣ ከዚያ ሌሎች፣ እናንተ በስተመጨረሻ፤ ብዙ ተስፋ ባታደርጉ ይሻላል።

በቀጣዩ እሑድ ቅጥር ግቢው ልቅሶ ቤት መሰለ። ሰው ሁሉ ወንድይራድን ከቦ ይጮኻል። ወንድይራድ ይህን ይችለዋል? ዙሪያውን አየና፣ የሚደርስለት ሲያጣ፣ «አባ ነግረውን ነበር!» ብሎ ጮኸ።

ሰዉ ሁሉ ወደ መምሬ ዞረ።

«'ጥቂት እንቆይ' አላሉም? ሱባኤ ያዙ አላሉም? በችኮላ ስለ መጥፋት አልሰበኩም? ታይቷቸው ነው! እኛ ነን ደንቆሮዎች!»

ወሬው ግቢውን አንዴ ዞሮ ሲመለስ መምሬ ባሕታዊ ሆነው ነበር። ቀሚሳቸውን ሊነኩ ተሰለፉ። የሥራ ፈቃዷን የምትጠብቅ ናዝሬት የምትባል ልጅ፣ «አባ፣ ወረቀቴ ይመጣል?» አለቻቸው።

«አላውቅም ልጄ። እኔ ምንም አይታየኝም።»

ልጅቱ ሊነግሯት የፈሩ መስሏት እዬዬ አለች። ሊያባብሏት ቢሞክሩ ባሰባት። «ሰዎች፣ አልታየኝም!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ትሕትናቸው!» አለ አንዱ ከኋላ። ካልታየዎት በምን አወቁ ለሚላቸው መልሱ የሲራክ ንስሐ ነውና፣ ከዚህ በላይ ሊክዱም አልቻሉም።

ሲራክ ዘግይቶ መጣ። ሰዉን አልፎ ወደ ጆሯቸው ተጠጋ። «ስለ ስጦታው... አሁን ብሰጥ ከየት አመጣው የሚል ይኖራል። መርማሪዎች ከዚህ ኩባንያ ማን እንዳተረፈ እየጠየቁ ነው። ትንሽ ጊዜ።»

«ስንት ጊዜ?»

«እስኪረሳ።»

ይህን ብሎ ወደ መኪናው ሸሸ፤ ግን አልሄደም። በሩን ይዞ ቆመ።

እማማ ባዩሽ ተራ አልያዙም፤ እንደ እናት ሰዉ መንገድ ለቆ አሳለፋቸው። መስቀሉን አልሳሙም። ምርኩዛቸውን ተደግፈው የመምሬን ፊት ትክ ብለው አዩ።

«ታይቶዎት ነበር ይላሉ።»

«አልታየኝም፣ እማማ ባዩሽ።»

«ታዲያ 'እንቆይ' ምን ለማለት ነበር?»

መምሬ መስቀላቸውን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ።

«አላወቁም እንዳልል፣ ሱባኤ አሲያዙን። አወቁ እንዳልል፣ እጅዎን አወጡ።» ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ ሒሳብ የጠፋበት ሰው ድምፅ ነበር። «እኔ ማንንም አላየሁ፤ እርስዎን ነው ያየሁ። እጅዎ ታች ቢቀር የኔም ይቀር ነበር። ካወቁ ለምን አወጡት?»

ግቢው ሁሉ ይሰማል። መምሬ ዓይናቸውን አሻግረው ወደ መኪናው ላኩ። ሲራክ እያያቸው ነበር፤ ከሩቅ ባዶ መስኮት የሚለየው ያ ዓይን እዚህ ያለውን ሁሉ አይቷል። ተናገሩ ብሎ ራሱን ቢነቀንቅ ይበቃ ነበር። እሱ ግን መሬት መሬት አየ።

«በድያለሁ» አሉ መምሬ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ምኑን?»

«ይቅር ይበሉኝ ብቻ።»

«እግዜር ይቅር ይበልዎ» አሉ አሮጊቷ፤ «እኔ ገና አልቻልኩም።» ዞረው ሄዱ። ምርኩዛቸው ጠጠሩ ላይ ሲንሸራተት ሲራክ ሮጦ ክንዳቸውን ያዘ።

«ቤት ላድርስዎት፣ እማማ ባዩሽ።»

«ተባረክ ልጄ።» መኪናው በር ጋ ሲደርሱ ጉንጩን ዳሰሱት፤ ድምፃቸው እስከ መምሬ ድረስ ይሰማል። «አንተስ በስልክ 'አልችልም' ብለህ እቅጩን ነገርከን። ያልዋሸን አንተ ብቻ ነህ።»

ሲራክ በሩን በቀስታ ዘጋላቸው። መኪናው ያለ ድምፅ ወጥቶ ወደ ሃሉንዳ መንገድ ታጠፈ።

«አባ» አለ ከኋላቸው አንድ ጎልማሳ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፤ «ተራው የኔ ነው። አንድ ቤት ልገዛ አስቤ ነበር...»